እውነተኛ ወንድነት ምንድር ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ዛሬ የምናገረው ነገር የተነሣው በከተማችን በአዲስ አበባ ደቡብ፥ ንፋስ ስልክ ላፍቶ በሚባለው ስፍራ ነው። የስፍራው ስም ራሱ ትምህርት አለው። ቃል ያለ ሽቦ በአየር ሲተላለፍ አባቶቻችን ባዩ ጊዜ፥ ተደንቀው ያን መሣሪያ ንፋስ ስልክ አሉት፤ ስሙም ለሰፈሩ ቀረለት። ላፍቶ ደግሞ በኦሮምኛ ግራር ማለት ነው። ግራር ሽማግሎች ከጥላው ሥር ተቀምጠው የተጣላውን የሚያስታርቁበት ዛፍ ነው፤ ሙሴም የቃል ኪዳኑን ታቦት ያሠራው ከግራር እንጨት መሆኑን በኦሪት ዘጸአት እናነባለን። እንግዲህ ከነፋስ ጋር የሚመጣ ቃልና የዕርቅ ጥላ በአንድ ስም ተጋጥመው ይገኛሉ ማለት ነው።

በአንድ ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ፥ ሕዝቡ ጠበል ጠጥቶ ሲበተን፥ ከጀሞ ወገን የመጣ አንድ ወጣት ብቻዬን ሊያነጋግረኝ ፈለገ። በሕንፃ ሥራ ላይ በቀን ሠራተኛነት የሚኖር ነው። መስቀል ከተሳለመ በኋላ እንዲህ አለኝ፤ «አባቴ፥ በአገር ቤት በድንበር ጠብ ወንድሜን ገደሉት። ገዳዩን አውቀዋለሁ። ዘመዶቼ በየማታው ይደውሉልኛል፤ ደሙ ይጮኻል፥ ወንድ ከሆንህ ና ይሉኛል። ብቀር ወንድ አይደለም ሊሉኝ ነው፤ ብሄድና ብገድል ደግሞ ከቍርባን እለያለሁ። የትኛውን ልሁን? ወንድ ወይስ ክርስቲያን?»

ምእመናን ሆይ፥ ይህ የአንድ ልጅ ጥያቄ ብቻ አይደለም። አገራችን በዘመናት ሁሉ ስትጠይቀው የኖረች ጥያቄ ነው። ጦርነት፥ ወንድነትና የሰላም ኑሮ በአንድ ቤት ሊያድሩ ይችላሉን? ሰላምን የሚወድ ሰው ወንድነቱን መተው አለበትን? ወንድ ለመባልስ የግድ ደም ማፍሰስ ያስፈልጋልን? ለዚያ ልጅ በዚያች ሰዓት በአጭሩ የመለስሁለትን፥ ዛሬ ለእናንተ አስፍቼ ልናገር እወዳለሁ።

ከሁሉ አስቀድመን ፉከራ የት እንደ ተወለደ እንመልከት። በኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 4 ከቃየል ዘር የተወለደ ላሜሕ የሚባል ሰው እናገኛለን። ይህ ሰው ሁለት ሚስቶቹን ዓዳንና ሴላን በፊቱ አቁሞ፥ ስላቈሰለው ሰው መግደሉን በኵራት ነገራቸው፤ የቃየል በቀል ሰባት እጥፍ ከሆነ የእርሱ በቀል ሰባ ሰባት እጥፍ እንደሚሆንም ፎከረ። በመጽሐፍ ቅዱስ ስንፈልግ የመጀመሪያው ፎካሪ ላሜሕ ነው። ፎክሮም የተናገረው ለጠላቱ አይደለም፤ ጠላቱ ሞቶአል። የፎከረው ለሴቶች ነው፤ ወንድ ነው ይሉት ዘንድ። እንግዲህ ላሜሕ የገደለው ስለ ቍስሉ ብቻ ሳይሆን ስለ ስሙም ነው።

ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ ቅዱስ ጴጥሮስ ጌታችንን ወንድሜ ቢበድለኝ እስከ ስንት ጊዜ ይቅር ልበለው ብሎ ጠየቀው፤ እስከ ሰባት ጊዜ ይበቃ እንደ ሆነም አሰበ። ጌታችን ግን ሰባት ጊዜ ሰባ እንጂ ሰባት ብቻ እንዳይሆን መለሰለት። ልብ በሉ፤ ላሜሕ ለበቀል የቈጠረውን ቍጥር መድኃኒታችን ለይቅርታ ቈጠረው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰው ፊት ሁለት ሒሳብ ተዘርግቶአል፤ አንዱ የላሜሕ፥ ሁለተኛው የክርስቶስ ነው። በየማታው ለዚያ ልጅ የሚደወለው ስልክ የላሜሕን ሒሳብ የሚያሰላ ነበር።

ነገር ግን፥ ወገኖቼ፥ እዚህ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ፥ «አባ፥ ወንዶቻችንን ሁሉ የዋሃን ካደረጋችኋቸው ድንበር ማን ይጠብቃል? ቤት ማን ይጠብቃል?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ ልንሸሸውም አይገባንም። ቅዱሳት መጻሕፍት ወታደርን በወታደርነቱ አልረገሙትም። አባታችን አብርሃም ሎጥ በተማረከ ጊዜ ሦስት መቶ ዐሥራ ስምንት የቤቱን ሰዎች ይዞ ዘምቶአል፤ ከምርኮው ግን ለራሱ ክር እንኳ አልወሰደም። መጥምቁ ዮሐንስ ጭፍሮች ምን እናድርግ ብለው በጠየቁት ጊዜ፥ ሰውን እንዳይነጥቁ፥ በሐሰትም እንዳይከሱ፥ ደመወዛቸው እንዲበቃቸው መከራቸው እንጂ ሰይፋችሁን ጥላችሁ ሂዱ አላላቸውም። ጌታችንም የመቶ አለቃውን እምነት አደነቀ።

ይህን ካልን በኋላ ግን ሁለተኛውን ወገን ደግሞ እንስማ። ልበ አምላክ ዳዊት የእግዚአብሔርን ቤት ሊሠራ በወደደ ጊዜ፥ ብዙ ደም አፍስሰሃልና አንተ አትሠራውም ተባለ፤ የሠራው ስሙ ሰላም ማለት የሆነው ልጁ ሰሎሞን ነው። ዳዊት ጦረኛ በመሆኑ አልተጣለም፤ የተወደደ ነበር። ነገር ግን የጦረኛ እጅ ሊሠራው የማይችል ሥራ እንዳለ በዚህ ታወቀ። ታላቁ ቅዱስ ባስልዮስም በጦርነት የገደለውን ሰው ከነፍሰ ገዳይ ጋር አልቈጠረውም፤ ሆኖም እጁ ንጹሕ አይደለምና ሦስት ዓመት ከቍርባን እንዲታገሥ መክሮአል። እንዲህ ያለው ምክር ሁለት ነገር ያስተምረናል። አገሩን የጠበቀውን ሰው አንኰንነውም፤ መግደልን ግን ክብር አድርገን በዘፈን አንሸልመውም። ከዘመቻ የተመለሰ ሰው ከሽልማት ይልቅ ንስሐና የነፍስ ዕረፍት ያስፈልገዋል።

እንግዲህ ኃይልና የዋህነት በአንድ ሰው እንዴት እንደሚገናኙ የሚያሳየን ምስክር እንጥራ። እርሱም ቅዱስ ሙሴ ጸሊም ነው፤ ቤተ ክርስቲያናችን ሰኔ 24 ቀን ታስበዋለች። ሙሴ ጸሊም በትውልዱ ጥቍር፥ በአካሉ ግዙፍ፥ በጕልበቱ የሚፈራ የወንበዴዎች አለቃ ነበር። በግብፅ በረሃ በአስቄጥስ ከአባቶች ዘንድ ንስሐ ገብቶ መነኰሰ። ከመነኰሰ በኋላ አራት ወንበዴዎች ማን እንደ ሆነ ሳያውቁ በበዓቱ ገቡበት። እርሱ ግን አራቱንም አስሮ፥ እንደ ገለባ ነዶ በጀርባው ተሸክሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰዳቸውና፥ ማንንም መጕዳት አልተፈቀደልኝምና ምን ላድርጋቸው ብሎ ወንድሞችን ጠየቀ። ወንበዴዎቹም ይህ ያ ስመ ጥሩ ሙሴ መሆኑን በሰሙ ጊዜ፥ እርሱ ለእግዚአብሔር ከተገዛ እኛስ ምን ነን ብለው ተመለሱ።

አስተውሉ፤ ጸጋ እግዚአብሔር የሙሴን ጕልበት አልወሰደበትም። አራት ሰው ተሸክሞአልና። የወሰደችበት ጭካኔውን ነው። ቀድሞ ጕልበቱ ይገዛው ነበር፤ በኋላ እርሱ ጕልበቱን ገዛው። በመጨረሻም በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ በርበሮች በገዳሙ ላይ በመጡ ጊዜ፥ ወንድሞችን ሽሹ ብሎ አሰናብቶ፥ እርሱ ግን በሰይፍ የኖረ ነበርና የጌታችን ቃል እንዲፈጸምበት ተቀምጦ ጠበቃቸው፤ ሳይመታም ሞተ። መሸሽ ፈርቶ አልነበረም፤ መምታትም ተስኖት አልነበረም። ከእርሱ የበለጠ ወንድ ማን ነው?

ከአገራችንም ነገሥታት አንዱን እናስታውስ። ንጉሠ ነገሥት ካሌብ በ6ኛው መቶ ዓመት በናግራን ስለ ተጨፈጨፉት ክርስቲያኖች ባሕር ተሻግሮ ዘምቶ ድል አደረገ። የድሉ ፍጻሜ ግን ምን ሆነ? በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት እንደሚነገረው ዘውዱን ወደ ኢየሩሳሌም ልኮ፥ መንግሥቱን ትቶ መነኰሰ። ጦሩን ያነሣ እጅ መቍጠሪያ ያዘ። ሰይፍ የሚያነሣ ብዙ ነው፤ አኑር ሲሉት የሚያኖር ግን ጥቂት ነው።

ወደ ቅርቡም ዘመን እንምጣ። በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ የተገኘውን ድል የማያውቅ ልጅ የለም፤ ታቦተ ጊዮርጊስ አብሮ መዝመቱንም ሁላችን እንናገራለን። ስለ ጦርነቱ የማይነገረውን ግን ዛሬ ላስታውሳችሁ። በጥር 1888 ዓ.ም. በመቀሌ ምሽግ የተከበበው የጠላት ጦር ውኃ ተይዞበት በጥም ሊያልቅ በተቃረበ ጊዜ፥ ዐፄ ምኒልክ በሰላም እንዲወጣ፥ መሣሪያውንም ይዞ እንዲሄድ ፈቀዱለት። ከድሉም በኋላ የተማረኩት ኢጣልያውያን እስከ አዲስ አበባ መጥተው በሕዝቡ መካከል ኖሩ፤ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. ውል በተፈረመ ጊዜም ወደ አገራቸው ተመለሱ። ይህ የኢትዮጵያ ክብር ነው።

ነገር ግን እውነትን ከፍለን አንናገርም። ያው ምሕረት ለሁሉ አልደረሰም። ከጠላት ጋር ተሰልፈው ከተማረኩት የገዛ አገራችን ልጆች፥ አስካሪ ከተባሉት መካከል፥ የብዙዎቹ ቀኝ እጅና ግራ እግር ተቈረጠ። ባዕዱ ተማረ፤ ወንድም ግን ተቈረጠ። ይህን የምናገረው አባቶችን ለመውቀስ ሳይሆን እኛን ለመጠየቅ ነው። ለሩቅ ሰው የምናሳየውን ምሕረት ለወንድማችን ስለ ምን እንነፍጋለን? ከውጭ ጠላት ጋር ፈጥነን እንታረቃለን፤ ከእናታችን ልጅ ጋር ግን እስከ ልጅ ልጅ ደም እንፈላለጋለን። ይህ ቍስል ከዐድዋ እስከ ዛሬ አልዳነም።

አሁንም ጀግንነት ሁሉ በጠመንጃ እንዳይመስለን አንድ አባት እንጥራ። ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በዚሁ በአዲስ አበባ በፋሺስቶች ጥይት ተደብድበው ሰማዕት ሆኑ። ለጠላት ገብተው ዐርበኞችን እንዲያወግዙ ተጠይቀው ነበር፤ እርሳቸው ግን ያወገዙት ለወራሪ የሚገዛውን ነበር። በእጃቸው መስቀል እንጂ ጦር አልነበረም። ጠመንጃ የያዙት ብዙ ነበሩ፤ የሚታወሱት ግን መስቀል የያዙት ናቸው። በዚያው የመከራ ዘመን ባላቸው ደጃዝማች አበራ ካሣ በጠላት እጅ የተገደሉባቸው ወይዘሮ ከበደች ሥዩም ጦር እየመሩ ተዋጉ፤ ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌም እስራትና ግርፋት ታግሠው ለዐርበኞች ስንቅና ምሥጢር ያደርሱ ነበር። እንግዲህ ወኔ የወንዶች ርስት ብቻ ከሆነ እነዚህን ምን ብለን ልንጠራቸው ነው? ወኔ የነፍስ ስጦታ ነው፤ የጢምና የጕልበት ጉዳይ አይደለም።

የተወደዳችሁ ወገኖች ሆይ፤ ታሪክ የምንቈጥረው የዛሬውን ቍስላችንን ለመረዳት ነው። በጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. በአገራችን ሰሜን የተነሣው ጦርነት፥ በፕሪቶሪያ የሰላም ውል እስከ ተፈረመበት እስከ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ድረስ፥ ሁለት ዓመት ሊሞላ ሁለት ቀን ሲቀረው ቈየ። በዚያ እሳት ውስጥ በሁለቱም ወገን የነበሩት በአንድ ጥምቀት የተጠመቁ፥ አንዱን ማዕተብ ያሰሩ፥ አንዲቱን ድንግል የሚማልዱ ነበሩ። ሴቶች ተደፈሩ፤ ካህናት በመቅደስ አጠገብ ተገደሉ። የዚያ ቍስል ሳይጠግግ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ውጊያ ተነሣ። ሴትን የደፈረ ሰው ወንድነቱን ያሳየ ይመስለዋል፤ በእግዚአብሔር ፊት ግን ከላሜሕም በታች ወድቆአል፤ ላሜሕ ፎከረባቸው እንጂ ዓዳንና ሴላን አልነካምና።

ውል በተፈረመ ማግስት ጦርነቱ በሰው ልብ ውስጥ አይፈጸምም። በ2015 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ የተሐድሶ ኮሚሽን ከ370 ሺሕ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ ለመመለስ ማቀዱን ሰምተናል። ይህ ሁሉ ሰው እናት፥ ሚስት፥ ልጅ አለው። መንግሥት መሣሪያ ይቀበላል፤ ጥቂት መቋቋሚያም ይሰጣል። ነገር ግን ከመሣሪያው ጋር ሌሊት የሚያባንነውን ሕልም ማን ይቀበለዋል? በ1983 ዓ.ም. የቀድሞው ሠራዊት በተበተነ ጊዜ፥ ትናንት ጀግና የተባሉት በየአደባባዩ ለልመና ቆመው አይተናል። በፉከራ የሸኘናቸውን በዝምታ አለፍናቸው። ይህ ጥፋት እንዳይደገም፥ ከዘመቻ የተመለሰ ጎረቤት ያላችሁ ሁሉ፥ ስንት ገደልህ ብላችሁ አትጠይቁት፤ ይልቁንስ ወደ ንስሐ አባቱ አድርሱት፥ ሥራ ፈልጉለት፥ በእድራችሁ መዝግቡት።

እዚህ ላይ ለእናቶችና ለእኅቶች አንዲት ቃል አለችኝ። ላሜሕ የፎከረው ዓዳና ሴላ ስለ ሰሙት ነው። እነርሱ ፊታቸውን ቢያዞሩበት ፉከራው በአፉ ላይ በቀዘቀዘ ነበር። በለቅሶ ቤት ደረት እየመታችሁ ወንድሙን ከተኛበት የምትቀሰቅሱት፥ በሠርግ ቤት ገዳይን የምታወድሱት፥ በእናንተ አንደበት ስንት ቤት እንደሚዘጋ አስቡ። እናንተም አባቶች፥ ልጃችሁ ከጨዋታ ተመትቶ ሲያለቅስ ወንድ አያለቅስም ትሉታላችሁ። ጌታችን በአልዓዛር መቃብር አጠገብ አልቅሶ የለምን? እንባ የተከለከለ ልጅ ሲያድግ ኀዘኑን የሚያወጣበት መንገድ ስለማያውቅ በዱላ ያወጣዋል፤ መጀመሪያም የሚያርፈው በሚስቱ ላይ ነው። በቤቱ ሰላም የነሣ ሰው በአገር ሰላም ሊሰጥ አይችልም።

የወንድ ምሳሌ ከፈለጋችሁ ጻድቁን አረጋዊ ዮሴፍን ተመልከቱ። ሄሮድስ በቤተ ልሔም ሕፃናትን ያስፈጀ ብዙ ጭፍራ ነበረው። ዮሴፍ ግን ሰይፍ አልነበረውም፤ በሌሊት ተነሥቶ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ ወደ ግብፅ ሸሸ። ሕፃናትን የገደለው ወንድ ነውን? ወይስ ሕፃኑን ያዳነው? በዓለም ሚዛን ሄሮድስ ኃያል፥ ዮሴፍ ስደተኛ ነበረ፤ መድኃኔ ዓለምን የጠበቀ ግን ዮሴፍ ነው። እንግዲህ የወንድነት መለኪያው ማንን ገደለ ሳይሆን ማንን አዳነ፥ ማንን ጠበቀ የሚለው ነው።

ስለዚህ ከላይ ለተነሣው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። ጦርነትና ሰላም አይታረቁም፤ ጦርነት ሰው በግድ የሚገባበት መከራ ነው እንጂ የወንድነት ትምህርት ቤት አይደለም። ወንድነትና ሰላም ግን ይታረቃሉ፤ የሚታረቁትም በሦስት ነገር ነው። በመጀመሪያ ወንድ እንደ ሙሴ ጸሊም ራሱን ሲገዛ፤ በሁለተኛ እንደ ዮሴፍ ደካማውን ሲጠብቅ፤ በሦስተኛ እንደ ካሌብ ጊዜው ሲፈጸም ሰይፉን ሲያኖር። ከሦስቱ አንዱ የጐደለው ወንድነት ጕልበት ብቻ ነው፤ ጕልበት ደግሞ ለበሬም ተሰጥቶአል።

ይህ የማይሆን ነገር እንዳይመስላችሁ፥ የምትኖሩባትን ከተማ ራስዋን ተመልከቱ። ሰፈር የምንለው ቃል ከየት መጣ? ጦር የሰፈረበት ማለት ነው። አዲስ አበባ ስትቈረቈር እያንዳንዱ መኰንን ከነጭፍራው በየኮረብታው ሰፈረ፤ ራስ ብሩ ሰፈር፥ ደጃች ውቤ ሰፈር እያልን የምንጠራው ከዚያ የመጣ ነው። ጦር የሰፈረበት ሜዳ ዛሬ ጎረቤት ከጎረቤት ቡና የሚጠራራበት፥ እድርተኛው ድንኳን ተክሎ አልቃሽ የሚያስተናግድበት ሰፈር ሆነ። ቃሉ ያው ነው፤ ኑሮው ግን ተለወጠ። የጦር ሰፈር የሰላም ሰፈር መሆን ከቻለ፥ የጦረኛ ልብ የሰላም ልብ መሆን ስለ ምን አይችልም?

ወደዚያ ልጅ ልመለስ። እንዲህ ብዬ መለስሁለት፤ «ልጄ፥ ወንድም ክርስቲያንም ሁን። የወንድምህ ደም በእውነት ይጮኻል፤ የአቤል ደም እንደ ጮኸ። የጮኸው ግን ወደ እግዚአብሔር ነው እንጂ ወደ አንተ አይደለም። ለአንተ የተሰጠህ ሥራ ከመግደል የከበደ ነው። ወደ አገርህ ሂድ፤ ጠመንጃ ሳትይዝ ሂድ። ገዳዩ ለሕግ ይቅረብ፤ ሽማግሎችና የንስሐ አባቶች ግን በሁለቱ ቤት መካከል ይግቡ።» በአማራው አገር የደም ዕርቅ፥ በኦሮሞው ወገናችን ጉማ የሚባለው ሥርዓት አባቶቻችን ያቈዩልን ድልድይ ነው። በደለኛው ድንጋይ ተሸክሞ ሲወድቅ፥ የተበደለውም ከአንገቱ ሲያወርድለት፥ ከሁለቱ ማንኛው የበለጠ ኃይል እንደሚያስፈልገው ያየ ሰው ያውቀዋል።

ልጁ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ቈየ። ከዚያም፥ «ያንን ድንጋይ ለማውረድ እጄ ይንቀጠቀጣል፥ አባቴ» አለኝ። እኔም፥ «ይንቀጥቀጥ፤ የጌታችንም ላብ በጌቴሴማኒ እንደ ደም ወርዶአል» አልሁት። ሄደ። ነገሩ ገና አልተፈጸመም፤ ሽማግሎቹ ሁለት ጊዜ ተቀምጠው ተነሥተዋል፤ የልጁ እናት ገና እሺ አላለችም፤ የእናትም አንጀት በአንድ ቀን አይመለስም። ነገር ግን ስልኩ በየማታው ሲደወል የሚያነሣው አሁን እርሱ ነው፤ ዘመዶቹን የሚያረጋጋውም እርሱ ነው። ስለዚህ ይህን የምትሰሙ ሁሉ ስለ እርሱና ስለዚያች እናት፥ በደለኛ ስለ ሆነውም ሰው፥ ዛሬ ማታ አንድ አባታችን ሆይ እንድታደርሱ እለምናችኋለሁ።

በመካከላችሁም በልቡ ደም የያዘ፥ ከወንድሙ ጋር ሳይነጋገር ዓመት ያስቈጠረ፥ በሚስቱ ላይ እጁን ያነሣ ሰው ቢኖር፥ ይህ ቃል በነፋስ አልፎ እንዳይቀር፥ እስከ ፊታችን ሰንበት ሳይዘገይ ሽማግሌ ይላክ። ቀድሞ ሽማግሌ የላከ ሰው ተሸነፈ አይባልም፤ ራሱን ያሸነፈ እርሱ ነውና።

የሰላም አለቃ መድኃኔ ዓለም ክርስቶስ ለአገራችን ለኢትዮጵያ ሰላሙን ያውርድልን፤ በጦር ሜዳ የወደቁትን ነፍስ ይማር፤ የተመለሱትን ያጽናና፤ የተጣሉትን ያስታርቅ። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም ምልጃ፥ የቅዱስ ጊዮርጊስና የቅዱስ ሙሴ ጸሊም ጸሎት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፥ ወለወላዲቱ ድንግል፥ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።